የካምፓን ሽርጥ

ሳምሊ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል። ሩዙን ጥዳ ረሳችው፤ ማረሩ ሲሸታት ድስቱን አወረደችና እንደገና ወደ ዋርካው አንጋጠጠች። ፍሬው ቀልቶ ተንዠርግጓል፤ የሚበላው አረንጓዴ እርግብ ግን አንድም የለም።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ሟች ባሏ ካምፓን ወፍ የጣለችው ዘር ያበቀለውን ችግኝ ማሳው ዳር ሲተክል፣ መንደሩ ሁሉ «ዋርካ የሚተከለው ገዳም ነው፤ ቤት አጠገብ ከሆነ አድባር ይሰፍርበታል» ብሎ ነበር። ካምፓን ሳቀባቸው። ዛፉ ድርቁን ሁሉ ችሎ አደገ፤ ወፉም የሌሊት ወፉም ቤቱ አደረገው።

ካምፓን በሞተ በዓመቱ አጠገቡ የሚያርሰው ወንድሙ ፕራሴት «ጥላው ሩዜን ፈጀው» ብሎ ሊቆርጠው ተነሳ። ሳምሊ ቀደመችው። አድባር የገባበት ዛፍ በጨርቅ ስለሚታሰር፣ እጇ ላይ በገባው በካምፓን ባለ ዳማ ሽርጥ ግንዱን ጠመጠመችው። ፕራሴት መጣ፣ ጨርቁን አየ፣ መጋዙን ይዞ ተመለሰ።

ምን ዋጋ አለው! አድባር ያለበት ዛፍ የሎተሪ ቁጥር ይናገራል ይባላል። መንደርተኛው ግንዱን በፓውደር እያሸ ቅርፊቱ ላይ የሚወጣ ቁጥር ይፈልግ ጀመር። አንዷ ሎተሪው ደረሳትና ስለቷን በርችት ተኩስ አስገባች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ወፎቹ ጥለው ሄዱ።

ዛሬም ተሰብስበዋል።

«እትዬ ሳምሊ፣ ነይ እስቲ እይው፣ ስድስት ነው ዘጠኝ?» አለች ጎረቤቷ ቡንማ።

«የጉንዳን መንገድ ነው!»

«እሰይ! በቁጥር መፍቻው መጽሐፍ ጉንዳን ስንት ነበር?»

አንዱ ርችቱን ሊለኩስ ጎንበስ አለ። ሳምሊ አላስችል አላት። እውነቱን ብትናገር ዛፉ እንደሚቆረጥ ታውቃለች፤ ፕራሴት እዚያው ከኋላ ቆሟል። የሽርጡን ቋጠሮ ፈታችው።

«አድባር የለም! እኔ ነኝ ያሰርኩት። ዋሽቻችኋለሁ፤ ሂዱልኝ!»

ሁሉም ወደ ፕራሴት ዞሩ። እሱ ቀረብ ብሎ ሽርጡን ከእጇ ተቀበላት።

«እትዬ፣ የወንድሜን ሽርጥ የማላውቅ መሰለሽ? ይቺን ቀዳዳ በሲጋራ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ተመለስክ?»

«እሱ ራሱ ታጥቆት የቆመ መሰለኝ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አደረገና ሰዎቹን ያባርር ጀመር።