ያለ ኮሎኛ የተያያዘ ከሰል

ጋሽ ሃሽመት በዚያ እሁድ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው ወንዙ ዳር የደረሱት ጥብስ አምሯቸው እንዳይመስላችሁ። ምራታቸው ሴቭጉል እንደ ድሮዋ ከእሳታቸው አጠገብ እንድትቀመጥ ፈልገው ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አምና በጸደይ፣ ከሰሉ አልያዝ ብሎ እንግዳ ሲቁነጠነጥ፣ ጋሽ ሃሽመት የቱርኳ አዳና ከተማ ወንድ ሲቸኩል የሚያደርጋትን አደረጉ። ለእንግዳ እጅ የሚፈሰውን፣ አልኮል የበዛበትን የሎሚ ሽቶ፣ ኮሎኛውን አንስተው ከሰሉ ላይ አርከፈከፉ። ጠፋ ያሉት ከሰል ለካስ ውስጥ ውስጡን ፍም ሆኗል! ነበልባሉ ዘሎ ሰላጣ ይዛ የምታልፈውን ሴቭጉልን እጇን ለበለባት። የእሳቸው ቅንድብ እንኳ አልተነካም፤ ፍርድ ይሉሃል ይሄ ነው። እጇ ዳነ። እሷ ግን፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላቸው ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ ጥብሱም እዚያው ቀዝቅዞ ይደርሳታል። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲጠይቁ ከረሙ። ቤንዚን ያላቸውን ረግመው ሸኙት። የፀጉር ማድረቂያ ያላቸውን ሰምተው ቢሞክሩ ፍንጣሪው ግቢውን ሞላው። በመጨረሻ አንድ ምድጃ ጠጋኝ አሮጌ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ቆርጦ፣ ከግርጌው ዙሪያውን በስቶ ሰጣቸው። ቧንቧውን ማንደጃው ላይ ማቆም፣ ከታች የተጨማደደ ጋዜጣ፣ ከላይ ከሰል፤ ከዚያ ጋዜጣውን በክብሪት መለኮስ። አየሩ ራሱ እሳቱን ወደ ላይ ይስበዋል። የሚፈስ ነገር የለ፣ ድንገት የሚዘል ነበልባል የለ። መጠበቅ ብቻ ነው።

መጠበቅ ግን ሙዛፈር ባለበት የት ይገኛል? ታናሽ ወንድማቸው ሲርበው ምላሱ ይሰላል። መጀመሪያ የክረምት ምድጃ ተሸክመው መጡ ወይ አለ። ቀጥሎ በቧንቧው መርከብ ሊነዱ እንደሆነ ጠየቀ። ለጥብስ የመጣው ጉበት ብረት ላይ ተሰክቶ አልቋል፣ ልጆቹ ደረቅ ዳቦ መግመጥ ጀምረዋል፤ ከቧንቧው የሚወጣው ግን ነጭ ጭስ ብቻ ነው። ያ ጠጋኝ ሸውዶኝ ይሆን እንዴ ሲሉ ጋሽ ሃሽመት ጎንበስ ብለው በቀዳዳዎቹ አዩ። ይሄኔ ሙዛፈር ከመኪናው ኮሎኛ ይዞ፣ ክዳኑን እየከፈተ መጣ። ፊቱ ቆመው ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበሉት።

«ጋሼ፣ ምራትህን ፈርተህ እኛን በረሃብ ልትፈጀን ነው?» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ሰው ሳቀ። አብረው ቢስቁ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሳቁም።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አሉ። «የልጄን እጅ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በወጉ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም። ከራበህ ዳቦ ብላ። እኔ እሳት ላይ ምንም አላፈስም።»

ሳቁ ቆመ። ሙዛፈር እያጉረመረመ ዳቦ ቆረሰ። ጋሽ ሃሽመት ጠርሙሱን ከድነው መኪናው ውስጥ ቆልፈውበት ተመለሱ።

ሲመለሱ ጭሱ ሳስቶ፣ የላይኛው ከሰል አመድ ለብሶ ቀልቷል። ተመስገን! ወፍራም ጓንት አጥልቀው ቧንቧውን በመቆንጠጫ አነሱት፤ ፍሙ ማንደጃው ላይ ተዘረገፈ። ቧንቧውን ልጆች ከማይደርሱበት ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጉበቱን ደረደሩ። ወዲያው ቸስ ማለት ጀመረ፤ እሳቸውም ደስ አላቸው።

ጠጠሩ ላይ ወንበር ሲጎተት ሰሙ። ዞር ሳይሉ ሴቭጉል መጥታ እሳቱ ዳር፣ ከጎናቸው ተቀመጠች። እሷ ጥብሱን አየችና እጇን ዘረጋች።

«አባባ፣ ጉበቱን እያሳረሩት ነው። እስቲ ፈቀቅ ይበሉ።»

ጋሽ ሃሽመት ማንደጃቸውን ለሚስታቸውም ለወንድ ልጃቸውም ለቀው አያውቁም። ፈቀቅ አሉ።