ዘግይቶ የመጣ ያስታጥባል

«ቆይ፤ አትቀመጥ።»

ጋሽ አብዱልመሊክ ይህን ሲሉ ዘርዓብሩክ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። የሟቹ ሣልስት ነው። የእሪ በከንቱን ጠባብ ቅያስ የእድሩ ድንኳን ሞልቶታል፤ ምሳ ሊቀርብ ነው። የሟቹ ልጅ ጽዮን ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ ዘርዓብሩክን አየችው። አባቷ የተከሰሰበት ችሎት መዝገብ ያዥ ነው፤ የአፍንጮ በር ሰው፣ የዚሁ እድር አባል።

«ቀብር ላይ አልነበርክም» አሉ ጋሽ አብዱልመሊክ። ሟቹ ከታሰረ ወዲህ እድሩን በእሱ ቦታ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «ደንቡን ታውቃለህ። ምክንያትህን ቆመህ ትናገራለህ፤ ከዚያ ታስታጥባለህ። ደሞ ታክሲ አጣሁ እንዳትለኝ። ከአፍንጮ በር እዚህ ቁልቁለት ነው፤ ብትንከባለል እንኳ ትደርስ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ።

ደንቡን ያወጣው ራሱ ሟቹ ነበር፤ ወርቅ ሠሪው ገብረዮሐንስ። ድሮ እድሩ የዘገየን ሰው በገንዘብ ይቀጣ ነበር። «ሀብታሙ ከፍሎ ይተኛል፤ ድሃው ተበድሮ ይከፍላል። ይሄ ቅጣት ነው?» ብሎ ተሟግቶ አስቀየረው። ከዚያ አንድ ቀን እሱም ዘገየ። በሙሉ ሱፉ ድንኳን በር ላይ ቆሞ፣ «የሙሽራ ቀለበት ጨርሼ ልነሳ ብዬ ነው፤ አጥፍቻለሁ» አለ። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ጎንበስ ብሎ ሲያስታጥብ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው ጽዮን በሀፍረት ፊቷን ሸፍና ነበር። አሁን ያ ጎንበስ ያለ ጀርባ ናፈቃት።

ፒያሳ የነበረችው ሱቁ ከሁለት ሰው በላይ አታስገባም ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ትገባለች። እሱ ሥራውን ጨርሶ እጁን በጎድጓዳ ሳህን ይታጠብና፣ «ውሃውን እንዳትደፊ፤ ወርቅ አለበት» ይላታል። ከእጁ የሚወርደው ብናኝ እየተጠራቀመ፣ ተጣርቶ ይቀልጣል። ጆሮዋ ላይ ያለው ጉትቻ ከዚያ ውሃ የወጣ ነው። ከዚያ ኬክ ቤት ይወስዳታል። እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ እሷ ከአፍንጫዋ ላይ ክሬም ትጠርጋለች። አላፊው ሁሉ «ጋሽ ገብሬ!» ሳይል አያልፍም።

የተሰረቀ ሀብል ገዝተሃል ተብሎ ሲወሰድ ሱቁን የቆለፈው በራሱ እጅ ነው። ዋስትና ተከለከለ። ሀብሉን የሸጠችለት ሴት ወልቂጤ ትኖራለች፤ «የእናቴ ነው፤ የሸጥኩለትም እኔ ነኝ» ብትል ነገሩ ያልቃል። ግን «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ፍርድ ቤት ካልጠራኝ አይለቁኝም» አለች። መጥሪያው ደግሞ አልደርስ አለ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። አንዴ ዳኛው ስልጠና ሄደዋል። አንዴ መዝገቡ አልተመረመረም። ከዚያ በኋላ ሁሌ «ምስክር አልቀረበም» ነው። ዳኛው ለምን አልቀረበችም ብለው አይጠይቁም፤ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ሌላ ቀን ይሰጣሉ። ሰውየው አጥር ውስጥ ያልቃል፤ እነሱ ቀን ይመርጣሉ! ለቀብር የዘገየን «ለምን?» ብሎ የሚያቆም እድር ባለበት ከተማ፣ በሰው ዕድሜ ላይ የዘገየን የሚያቆም ጠፋ።

እሱ ሲጠብቅ ፒያሳው ፈረሰ። ሱቁም ኬክ ቤቱም የሉም። ጽዮን አልነገረችውም። በጥየቃ ቀን ከሽቦው ማዶ ሆኖ፣ «ዛሬ ባንኮኒው ላይ እነማን አሉ?» ይላታል።

«ያው ናቸው፤ ሰላም በይልን ብለውሃል» ትለዋለች።

የስኳር ሕመሙ ዓይኑን ካደከመው በኋላ መንገዱን የሚመራት እሱ ሆነ። «በይ ከሱቁ ውጪ። አሁን በግራ በኩል ኬኩ ይሸትሻል አይደል?» ይሸተኛል ትላለች። እንዲህ የሌለች ፒያሳን አብረው ሲዞሩ የጥየቃው ሰዓት ያልቅ ነበር። ፍርዱን ሳይሰማ ሞተ።

ዘርዓብሩክ ኮፍያውን አወለቀ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ።

«ሥራ!» ጽዮን ብድግ አለች።

የአባቷ እህት እትዬ አዳነች ቀሚሷን ያዟት። «ተይ ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነገር አይነሳም።»

«ልጠይቃቸው እትዬ። ነገ ድንኳኑ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ቆሞ ይመልስልኛል?» ወደ እሱ ዞረች። «የቀብሩን ይተዉት ጋሼ። መጥሪያው ለምን አልሄደም?»

ኮፍያውን እጁ ላይ አዟዟረው። «ተፈርሞ ነበር። ከሌላ መዝገብ ሥር ሆኖ... ነገ እልከዋለሁ፣ ነገ እልከዋለሁ ስል...»

«ዳኛውስ?»

«አልጠየቁኝም። እኔም አላስታወስኳቸውም።»

ጋሽ አብዱልመሊክ እንደ ደንቡ ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ይሄ ምክንያት ነው ወይ?»

«አይደለም» አሉ እትዬ አዳነች፤ የጽዮንን ቀሚስ ለቀቁት።

«አይደለም ተብሏል» አሉ ጋሽ አብዱልመሊክ። «ጽዮን እንደነገረችኝ ዳኛውንም አንተንም ልትከስ ነው። እዚህ ያልከውን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ፊት ትደግመዋለህ?»

«እንጀራዬ ነው እኮ ጋሽ አብዱ።»

«የገብሬ ደግሞ ዕድሜው ነበር።»

ዘርዓብሩክ ሻማ የበራበትን የሟቹን ፎቶ አየ። «እደግመዋለሁ» አለ ዝቅ ብሎ።

«አልተሰማም!» አለ ከኋላ አንዱ።

«እደግመዋለሁ!»

ከዚያ ማንቆርቆሪያውንና ማስታጠቢያውን አንስቶ መጀመሪያ ጽዮን ፊት ጎንበስ አለ። እጇን ልትነፍገው አስባ ነበር። ጀርባውን አየችና ዘረጋችለት። ውሃው በጣቶቿ መሀል ወረደ። ሲያበቃ ሊደፋው ወደ ቦዩ ዞረ፤ እሷ ግን የማስታጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

«አይደፋም።»

ከእጁ ተቀብላ፣ ጠብታ እንዳይፈስባት ቀስ ብላ ተራምዳ፣ ከአባቷ ፎቶ ሥር አስቀመጠችው።