ስትገቢ ነው ስትወጪ?

በቡርጅ ሐሙድ፣ ማራሽ በሚባለው የአርመኖች ሰፈር፣ እትዬ ዛሩሂን የማያውቅ የለም። አርመኖች ከቱርክ ከመሰደዳቸው በፊት አገር ቤትን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ቀርታለች ይባላል። የአገር ቤቱ መንደር ተወላጆች ማኅበር በየዓመቱ ከፊት ወንበር ያስቀምጣታል፤ እሷም ስለ ቤታቸው በር፣ ስለ ውሃ ጉድጓዱ፣ ጣሪያው ላይ ስለሚሰጣው ዘቢብ ታወራለች። ሰዉ ያለቅሳል። እሷም ታለቅሳለች።

ጣጣው የመጣው የልጅ ልጇ ሾጊክ ያን ቤት ልታይ የቱርክ ቪዛ ስታገኝ ነው። ጉዞዋ ማክሰኞ ነው። እሁድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ እርሳስ ይዛ ከአያቷ ፊት ቁጭ አለች።

«የትኛውን በር እንደማንኳኳ ንገሪኝ፣ ኔኔ። የሰው ቤት ገብቼ ‹ይሄ የኛ ነው› ብዬ እንዳልዋረድ።»

ጫማ ሠሪው መልኮን ከታች አንጋጠጠ። «እትዬ ዛሩሂ! ካርታ ብቻ ይዛ ልትሄድ ነው? ስንቅም ይቋጥሩላት እንጂ!»

«አንተ ሶልህን ስፋ!» አለችው ዛሩሂ።

ሾጊክ ሳቀች። «እሺ፣ ቤተክርስቲያኑ እዚህ፣ መንገዱ እዚህ። ጉድጓዱስ?»

«ከበሩ በስተግራ፣ አራት እርምጃ።»

«ስትገቢ ነው ስትወጪ?»

ዛሩሂ ግራና ቀኝ እጆቿን ተራ በተራ አየች። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እዚያ ያደገ ሰው እግሩ ያውቀዋል፣ ማሰብም አያስፈልገው። የእሷ እግር ግን ያን ደጅ ረግጦት አያውቅም።

የተወለደችው አሌፖ፣ የስደተኞች ድንኳን ውስጥ ነው። አገሩን ያየችው ታላቅ እህቷ ንቫርት ነበረች። ንቫርት የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው «አንቺስ ታስታውሻለሽ?» ቢላት፣ ዛሩሂ አገሩ ከእህቷ ጋር እንዳይቀበር ሳስታ «አዎ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌላ ሴት ዕድሜዋን ትቀንሳለች፤ እሷ ስድስት ዓመት ጨመረች።

አሁን እውነቱን ብትናገር ያ ወንበር ቀረ፤ ከወንበሩም ጋር አገሩ። በግምት ብትመልስ ደግሞ ልጅቷ የማታውቀው ሰው ደጅ ላይ ትቆማለች።

«አላየሁትም» አለች።

«ምኑን?»

«ምኑንም። የነገረችኝ ንቫርት ናት። ስንራብ፣ እንቅልፍ እንዲወስደኝ።»

ሾጊክ እርሳሱን ወረወረችው። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ስታስለቅሺ ኖረሽ!»

«እኔም የማለቅሰው የምሬን ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ያለሽ ማነው? እኔን ናፍቆኛል። ሞቼም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

 ሾጊክ ጎንበስ ብላ እርሳሱን አነሳች።

«ንቫርት ምን ነበር የምትልሽ? ቃል በቃል።»

«‹ወጣን። እማዬ ቀደመች። ጉድጓዱ በግራችን ቀረ፣ ባልዲው ውሃ እንደሞላ።› ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትጀምረው።»

«ስትወጪ በግራ ከሆነ፣ ስትገቢ በቀኝ ነው» አለች ሾጊክ፤ ቅድም በግራ የሳለችውን ጉድጓድ አጥፍታ በበሩ ወዲያኛው ጎን ሳለችው።

ዛሩሂ ወረቀቱን አየችው። እህቷ ያን ሁሉ ዓመት ስታወራላት አንድም ቀን ወደ ቤቱ አስገብታት እንደማታውቅ ያኔ ገባት። የልጅቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ካስገቡሽ ግቢ፣ የኔ ልጅ። ግቢና ውስጡን አይተሽ ንገሪኝ።»