የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ

የሰፈሩ ትያትር ቡድን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው። ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት የልብሱን ሁለተኛ ቁልፍ ይነካል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፉን ይዞ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሹክ ይለዋል። ከዚያ በላይ መጨመር ነውር ነው። ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘው ሰዓት ሠሪው ነበር። ሰዉ እውነተኛ ስሙን እስኪረሳው ድረስ "ሹክታ" ይሉታል።

ሹክታ ራሱ ትወና አልሆነለትም። በወጣትነቱ አንዴ ፖስተኛ ሆኖ ወጥቶ፣ ደብዳቤውን ሳይሰጥ ይዞት ተመልሷል። የመድረኩ ሰው ታላቅ እህቱ ነበረች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችው፣ ጡረታ የወጣች መምህርት። እሷ ያለችበት ትያትር ሲታይ ወንበር አይበቃም ነበር።

አምና ቡድኑ አራት ሥራ ያዘ፤ ሁለት ድራማ፣ አንድ ኮሜዲና አንድ ሙዚቃዊ ትያትር። በመጀመሪያው ድራማ እህቱ ቁልፏን ሁለት ጊዜ ነካች። በኮሜዲው አሥራ አንድ ጊዜ ነካች። ያኔ ሹክታ ሕጉን ጣሰ። ከአንድ ቃል ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተሻገረ። በመጨረሻም እጇ ሳይነሳ፣ አተነፋፈሷን ብቻ እያየ ይቀድማት ጀመር። ተመልካቹ ምን ቸገረው፣ አጨበጨበ። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት የሚሠራው የቡድኑ አዘጋጅ እንኳ፣ "እህትህ ዘንድሮ ዝምታ እንዴት እንደሚያምርባት አየህ?" አለው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሹክታ ደስ ብሎት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ቃል ሲያቀብል ኖሮ፣ አሁን ግማሹ ትያትር የእሱ ሆነ። እሱ ያላትን ትላለች፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ሙዚቃዊው ትያትር ሲመጣ ደግሞ አንድም ቃል አልጠፋባትም። በዜማ የመጣውን ሁሉ እንደ ውሃ አወረደችው። "ይኸው፣ ደህና ናት" አለ በልቡ። ሰው ማመን ለሚፈልገው ነገር ምስክር አያጣም።

የመጨረሻውን ድራማ ሲለማመዱ አንድ ቀን፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሜካፗን በጥጥ እየጠረገች ጠራችው።

"ና እስቲ ተቀመጥ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትሸንግለኝ።"

"ምን ሆንሽ እትዬ?"

"ትናንት ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ። አንተ ከጀርባዬ ስለምትቀመጥ ታውቃለህ። እየረሳሁ ነው?"

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ቢነግራት ግን ነገ ሐኪም ቤት ናት፤ ከነገ ወዲያ መድረክ የለም። ለእሷ ብቻ አይደለም፣ ለእሱም የለም።

"ድካም ነው" አላት። "በዓመት አራት ሥራ ማንን አያደክምም? ደግሞ እኔ አለሁልሽ አይደል?"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አለችና ጥጡን ጣለች። እሱ ያቀበላት ቃል ተሳስቶ ስለማያውቅ አመነችው።

ሐኪም ፊት የቀረቡት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ድስት እሳት ላይ ረስታ ጎረቤት በር ሰብሮ ከገባ በኋላ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ "መዳኑ እንኳ ባይሆን፣ በጊዜው ብትመጡ ማዘግየት ይቻል ነበር። መቼ ነው የጀመራት?" አለ። ሹክታ ወሩን ይቅርና ቃል የጠፋባትን የጽሑፉን ገጽ እንኳ ያውቀዋል።

"አላስተዋልንም" አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ ስለደበቀ ግን ምን እንደሚባል እንጃ።

ዘንድሮ ቡድኑ ያለ እሷ ጀመረ። ሹክታም ጽሑፉን አስረክቦ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ስለዚያ በሽታ ያልጠየቀው ሰው፣ ያላነበበው ወረቀት የለም። እሁድ ከሰዓት፣ ድሮ ትያትር በሚታይበት ሰዓት፣ እህቱ ቤት ሳሎን ይቀመጣል።

ባለፈው እሁድ ሻይ ሲያቀርብላት ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ተነሳና የሹራቧን ሁለተኛ ቁልፍ ነካ።

ሹክታ ክው አለ። የጠፋባት እሱ ራሱ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ በመጋረጃ ጀርባ ድምፁ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ አቀበላት።

"ወንድሜ..."

"ወንድሜ ነህ" አለች ፊቷ በርቶ። ከዚያ ወደ መስኮቱ በኩል ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ተመልካቹ አወቀብኝ?"

ያን ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሊላት የሚገባውን ሊላት አፉን ከፈተ። እኔ አውቄ ነበር፣ ከሁሉም ቀድሜ አውቄ ነበር፣ ይቅር በይኝ ሊላት። ግን ይቅር የምትለው እህቱ አጠገቡ አልነበረችም፤ እሷን ያለፈው ዓመት ይዟት ሄዷል።

"ማንም አላወቀም፣ እትዬ" አላት።

እሷም ደስ ብሏት፣ እጇን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ፣ ቀጣዩን ቃል ትጠብቅ ጀመር።