ቅጹን ያሳረምኩ ዕለት

የልጅ ልጄ ትራስ ሠሪ ናት። ሱቋ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢገባበት የሚሞላ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግማሹን የጥጥ ጆንያ ይዞታል። እሷ ጥጡን ታፍታታለች፣ ጨርቁን ቆርጣ ትሰፋለች፣ ትሞላለች፤ የትራሱን አፍ በመርፌ የምዘጋው እኔ ነኝ። እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ፣ ስታስነጥስ እንኳ ከጥጡ ይሁን ከብርዱ ለይቼ አውቃለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ትልቅ የስፖንጅ ትራስ መደብር ሲከፈት ደንበኛው ሳሳ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥጥ እየሞላች ሳለ እጇን አቆመችና፣

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትጮኺ» አለችኝ።

«ምነው? ምን ሆንሽብኝ?»

«ይኸው ጀመርሽ!»

«እሺ አልጮህም። ተናገሪ።»

«እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ሰዓት ያህል ከተኛሁ ትልቅ ነገር ነው። ልቤ ይደልቃል፣ መቀስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለማንም ግን እንዳትነግሪ። እንቅልፍ ያጣች ሴት የሠራችውን ትራስ ማን ይገዛል?»

«እኔ? ለማን ብዬ! አፌን ቁረጪው» አልኳት።

ስላት ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ጭንቀቷ ወደኔ ተጋባ። ደረጃ ስትወርድ፣ መቀስ ስታነሳ፣ ምሳዋን አጋምሳ ስትተው ዓይኔ ከሷ አይነቀልም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ሥራው ጋብ ይበል» ትለኛለች። ሥራ መቼ ጋብ ይላል?

አሠልጣኙ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከሰፈራችን የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በላይ ያለውን አዳራሽ ተከራይቶ፣ የትንንሽ ሱቅ ባለቤቶችን በሳምንት አንድ ቀን ያስተምራል። ግማሹ ሰዓት ጤናን ስለ መጠበቅ ነው፤ ውሃ ጠጡ፣ በጊዜ ተኙ፣ ትንፋሽ ሳቡ። ግማሹ ደግሞ ደንበኛ ስለ መሳብ ነው፤ ፊታችሁን አሳዩ፣ ታሪካችሁን ንገሩ። በሩ ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ «ፈገግ በሉ!» ስለሚል፣ ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ቁልፍ ቀራጩ፣ ፈገግበሉ ብሎ ስም አወጣለት። የልጅ ልጄም ተመዘገበች፤ እንደታዘዘችው ትራስ አቅፋ ስትስቅ ተነሳችና ፎቶዋን ሱቋ በር ላይ ሰቀለች። ፎቶው ላይ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ቀን ቅጽ ይዛ መጣች። አሠልጣኙ ስለ ኑሯቸው እየጠየቀ የሚያስሞላው ነው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና አነበብኩት። «በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ይላል። ሰባት ብላ ሞልታለች።

ሰባት!

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን በኔ ሐሳብ ቅጽ ማለት ሐኪም ዘንድ እንደሚሞላው ነው። ለሐኪም የዋሸ በሽተኛ የሌላ ሰው መድኃኒት ይውጣል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ይህ ሰው ሰባት ሰዓት ትተኛለች ብሎ ሥራ ቢጨምርባትስ? ማታም ስፊ፣ ጠዋትም ሽጪ ቢላትስ? ቅጹን አስገብታ በማግስቱ ጥጥ ልትገዛ ስትሄድ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ አዳራሹ ወጣሁ።

አሠልጣኙ ብቻውን ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የልጅ ልጄ ቅጽ ስህተት አለበት» አልኩት። በዕድሜ ልጄ ቢሆንም አስተማሪ ነውና አንቱ አልኩት።

«ምን ዓይነት ስህተት፣ እማማ?»

«ሰባት አይደለም፣ ሁለት ነው። እንደዚያ ብለው ያርሙልኝና እንዳያስጨንቋት። እንደነገርኩዎት ግን እንዳትሰማ።»

ቅጹን ከክምሩ አወጣ። በቀይ እስክሪብቶ ሰባቷን ሰረዘና ከበላይዋ ሁለት ጻፈ። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እማማ፣ ይህ በኔና በእርስዎ መሀል ይቀራል። እርስዎን የመሰለ አያት ያለው ሰው ምን ይሆናል?»

እንባዬ መጣ። ሸክሜን ያወረድኩ መስሎኝ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ወረድኩት።

ሥልጠናው ያበቃ ዕለት ቤተሰብ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጎረቤታችን ጸጉር ሠሪዋ ከልጅ ልጄ ጎን ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላቸው ነኝ። አዲስ ሠልጣኝ ሆኖ ሊመዘገብ የመጣም ብዙ ሰው አለ። ፈገግበሉ ወደ መድረኩ ወጣ።

«አንዲት አያት እያለቀሱ መጡልኝ» ብሎ ጀመረ።

ክው አልኩ።

«የልጅ ልጄ ሞተች፣ እንቅልፍ የላትም፣ ድረሱልኝ አሉኝ። ይህቺ ልጅ ምን እንደምትሸጥ ታውቃላችሁ? እንቅልፍ! እንቅልፍ ሻጯ እንቅልፍ የላትም!» አዳራሹ ሳቀ። «አሁንስ? ተመልከቱ!»

ግድግዳው ላይ ሁለት ቁጥር በትልቁ ወጣ። «ከሥልጠናው በፊት፦ 2»፣ በቀይ። «ከሥልጠናው በኋላ፦ 7»፣ በልጅ ልጄ የእጅ ጽሑፍ። ያቺ ሰባት ራሷ ናት፤ አንገቷን ደፋ ያደረገችው፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት። የስረዛው መስመር ብቻ የለም። የዋሸችለትን ሰባት ሥልጠናዬ ያመጣው ነው አለ፤ እኔ በምስጢር የነገርኩትን ሁለት የድሮ በሽታዋ አደረገው።

ስም አልጠራም። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ትራስ ሠሪ አለና! ሰው ሁሉ ዞሮ የልጅ ልጄን አየ። እሷ ግን እሱንም ሰዉንም አላየችም። ወደ ኋላ ዞራ እኔን አየችኝ።

ሲያልቅ ሮጬ ያዝኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«አደራ በላ! በኔና በእርስዎ መሀል ነው አላልከኝም?»

«እማማ፣ ስሟን እኮ አልጠራሁም! ደግሞ ድና ነው ያሳየኋት። ነገ ደንበኛ ሲሰለፍ ያመሰግኑኛል» አለኝና ፊቱን ወደ ተመዝጋቢዎቹ አዞረ። «ፈገግ በሉ!»

ቁልፍ ቀራጩ ከጎኔ ቆሞ «እናንተ ሰዎች፣ የወጣን ምስጢር የትኛው ቁልፍ መልሶ ይቆልፈዋል?» አለ። የሳቀለት የለም።

ሱቅ ስደርስ ጥጥ እያፍታታች ነበር።

«ልጄ፣ ስሚኝማ...»

«ለማን ብዬ ነበር ያልሽኝ?»

«አዝኜልሽ ነው! ሥራ ቢጨምርብሽ ብዬ...»

«የስንት ትራስ አፍ ስትሰፊ ኖረሽ የራስሽን አቃተሽ?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እሱ ለእንጀራው ነው፣ እማማ። ከሱ ምን እጠብቃለሁ? አንቺ ግን ብቸኛዋ ነበርሽ።»

መርፌዬን አንስቼ የተጀመረ ትራስ አፍ መዝጋት ያዝኩ። አፍ አውጥቼ ይቅር በዪኝ ያልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። «እሺ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ደንበኛው መምጣቱስ መጣ። «አንቺን ያስተኛሽን ትራስ ስጪኝ» እያሉ በር ላይ ይቆማሉ። አንዷ «አሁን ሰባት ሰዓት ትተኛለሽ አሉ፣ እውነት ነው?» ስትላት የልጅ ልጄ ፈገግ ብላ «አዎ» አለች። እኔ መርፌዬን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። እንዳልተኛች ከፊቷ አነባለሁ። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀድማ «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ ለገዢ እንደምትለው ዓይነት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ከማስተኮስበት ስመለስ፣ እሷና ጸጉር ሠሪዋ ተያይዘው ከሐኪም ቤቱ በር ሲወጡ አየኋቸው። የልጅ ልጄ ትንሽ የመድኃኒት ከረጢት ይዛለች። ግድግዳ ተጠግቼ አሳለፍኳቸው። ከሰዓት በኋላ ጸጉር ሠሪዋ ብቻዋን መሆኗን አይቼ ገባሁ።

«ሐኪሙ ምን አላት? ልቧ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላኛለች።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

ጸጉር ሠሪዋ ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ አብረን ተቀመጥን። እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።