ባየልኝ ቤቱ የከረመበት ክረምት

ባየልኝ ትራክተር መንዳት ከጀመረ ወዲህ ክረምትን ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ቤቱ ተቀምጦ አሳልፎ አያውቅም። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ቅያሪ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወደ አብደራፊ ሰፋፊ እርሻዎች ይወርዳል። እዚያ ማረስ፣ መዝራት፣ ጭቃ የዋጠውን ትራክተር በሌላ ትራክተር መጎተት ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ መሬቱ ደርቆ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ስርጉት "የኔ ባል የበጋ ሰው ነው" እያለች ከጎረቤት ጋር ትስቃለች።

ዘንድሮ ግን ሰኔ ሳይጋመስ፣ ከትራክተሩ ሲወርድ ጭቃ የለበሰው መርገጫ አንሸራተተውና ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮለት፣ ከሚኒባስ በሰው ትከሻ ወርዶ ቤቱ ገባ። ሐኪሙ "መስከረም ሳይጠባ ትራክተር የሚባል ነገር እንዳታስብ" ብሎታል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በስልክ ጨረሳቸው። ትራክተሬን ማን ያዘው? ዘይቱ ተቀየረ? የታችኛው ማሳ ተዘራ? የሥራ ጓደኞቹ መጀመሪያ በደንብ መለሱለት፤ በኋላ አጠር አጠር አደረጉ፤ በመጨረሻ ስልኩን ማንሳት ተዉ። ስርጉት ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት መኪናዋ አለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ግቢው ውስጥ የሚውሉት እሱና አማቱ እማ ፈንቴ ብቻ ሆኑ።

እማ ፈንቴ ባላቸው ሲሞቱ ከበለሳ ወርደው፣ ግቢው ጥግ ባለችው ጎጆ ውስጥ መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ አማትና አማች ይተዋወቃሉ ለማለት ያስቸግራል። እሱ ሲመጣ እሳቸው ያጎነብሳሉ፤ እሳቸው ሲያልፉ እሱ ይነሣል፤ ከዚያ በቃ። "አንቱ" ነው የሚሉት፣ ለአንድ ሌሊት እንደመጣ እንግዳ። ጉዳይ ካላቸው በልጃቸው በኩል ይልካሉ።

አንድ ጠዋት ባየልኝ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የማይነሣ ስልክ ሲደውል፣ እማ ፈንቴ አንድ እቅፍ የቀርከሃ ስንጥር ይዘው መጥተው አጠገቡ አኖሩት።

"ይሄን ይያዙ።"

"ምን ላድርገው እማማ?"

"ቅርጫት ይሥሩበታ። ስልክ ከሚጠመዝዙ ስንጥር ቢጠመዝዙ ይሻላል።"

ቆላ ከወረዱ በኋላ የተማሩትን አጠላለፍ፣ አንዱን ስንጥር በአንዱ ላይ እያሳለፉ በዝግታ አሳዩት። የመሪ ጎማ የለመደው የባየልኝ እጅ ስንጥሩን አንዴ ይሰብረዋል፣ አንዴ ያላላዋል። ማታ ስርጉት ስትገባ የሠራውን አንሥታ አገላበጠችው።

"ምንድን ነው?"

"ቅርጫት ነው።"

"ተቀምጠህበት ነበር?"

እማ ፈንቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባየልኝ አማቱ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ቅርጫት ቢያንስ መቆም ቻለ። ሦስተኛው ሽንኩርት ያዘ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዓይኑ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የሚያርሰው ጥቁር አፈር ነው፤ አረም እንጂ ሌላ ነገር አብቅሎ አያውቅም። የሚቀመጥባትን ዱካ እየጎተተ ሄዶ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ፣ ባጭር ዶማ ይቆፍር ጀመር። ባየልኝ መሬትን በሄክታር እንጂ በስንዝር አያውቃትም ነበር። አሁን እፍኝ አፈር ይዞ ሲፈረፍረው ትሉ፣ ሥሩ፣ ሽታው ሁሉ አዲስ ሆነበት። እማ ፈንቴ ከመቀነታቸው ጫፍ የባሚያ፣ የከርከዴና የዱባ ዘር ፈትተው ሰጡት። "ባሚያውን አራርቀው ይትከሉት" አሉና ትንሽ ቆመው አዩት፤ ከዚያ እሳቸውም ተቀምጠው አብረው ተከሉ።

ወፎቹን ልብ ያላቸው ከዚያች ዱካ ላይ ሆኖ ነው። የግቢው ጥግ ላይ አሮጌ የሁመር ዛፍ አለ፤ ፍሬው ስለሚኮመጥጥ የሰፈሩ ልጆች የሚወዱት። እዚያ ላይ ሁለት ወፎች ጭራሮ ከምረው ጎጆ ሠርተዋል። የሽመላ ዘር ናቸው፤ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ። ድንበር ማዶ ያሉት ሱዳኖች ሲምብር ይሏቸዋል፤ ከዝናብ ጋር ስለሚመጡ እንደ ጥሩ ዜና ይቆጥሯቸዋል። ባየልኝም ያውቃቸዋል። ሲያርስ ከማረሻው ኋላ ኋላ እየተራመዱ አንበጣ ይለቅማሉ፤ በመስተዋቱ ውስጥ አቧራውን እንደሚያይ ያያቸዋል። የት እንደሚያድሩ ግን ጠይቆ አያውቅም።

አሁን ጊዜ ነበረው። አንዱ ከሜዳ ሲመለስ ሌላው አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ ሰላም ሲለው አየ። ጫጩቶቹ ሁለት መሆናቸውን አየ። ፀሐይ ስትከር እናትየው፣ ወይም አባትየው፣ ክንፏን ዘርግታ እንደ ጃንጥላ ስትቆምላቸው አየ። ማታ ማታ ለስርጉት ያወራላት ጀመር። "ዛሬ እንቁራሪት ነው ያመጡላቸው። አንደኛው ጫጩት ስግብግብ ነው።"

ስርጉት ግን ወፎቹን አልወደደቻቸውም። ኩሳቸው ካሰጣችው ልብስ ላይ ይወድቃል፤ አንዴ የደንበኛ ቀሚስ አበላሽተውባታል። "ቅርንጫፉን ከሚቆርጥ ሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ" አለችው።

"እስኪበሩ ታገሽኝ።"

"ልብሱንስ?"

"የማስጫውን ገመድ እኔ አዛውረዋለሁ።"

በምርኩዝ እያነከሰ ገመዱን ፈትቶ ከቤቱ ጀርባ ወሰደው። ለጤነኛ ሰው ቀላል የሆነው ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ስርጉት ይህን አይታ የቅርንጫፉን ነገር ተወችው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሱዳን በኩል ሰማዩ ቀላ። ስርጉት ዝናቡን ሸሽታ ሮጣ ከመግባቷ አቧራው ደረሰ፤ ከአቧራው ኋላ ነፋሱ፣ ከነፋሱ ኋላ ዝናቡ። ቆርቆሮው እየተንጓጓ ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ሁመሩ ተንቋቋ፤ ጎጆው ያለበት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ።

ባየልኝ ምርኩዙን እንኳ አላነሣም።

"አንተ ባየልኝ!" ብለው ጮኹ እማ ፈንቴ። "አንተ! እግርህን! ተመለስ!"

ጭቃው ውስጥ በአንድ እግሩ ዘለለ፤ ሲያቅተው በእጁ ዳኸ። አንደኛው ጫጩት ከግንዱ ሥር ሞቷል። ሁለተኛው ጭራሮው መሀል አንገቱን ቀብሮ ይንቀጠቀጣል። አንሥቶ ሸሚዙ ውስጥ ሲከተው፣ ወፉ በድንጋጤ የበላውን አንበጣ ሁሉ ደረቱ ላይ አስመለሰበት።

ቤት ገብተው በጨርቅ አደረቁት። ላባው ገና ግማሹ ነው፤ መንቆሩን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። እማ ፈንቴ የተፈተፈተ እንጀራ አቀረቡለት፤ ፊቱን አዞረ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁለቱ ትልልቅ ወፎች ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ጎጆው የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያሉ።

"ከኛ እጅ አይበላም" አለ ባየልኝ። "እነሱ ዘንድ መመለስ አለበት።"

ለእማ ፈንቴ ዶሮ ማስታቀፊያ ብሎ የጀመረው ሰፊ ቅርጫት ነበረው። ከወደቀው ጎጆ ጭራሮና ሣር ለቅሞ ውስጡን ደለደለው። ከዚያ ዛፉን አየ፤ እግሩን አየ። "ጎረቤት ሰው ልጥራ መሰለኝ።"

"ለምን?" አሉ እማ ፈንቴ። "ስርጉት ትውጣ።"

"ስርጉት?"

"ታዲያ! አገራችን ሳለን ከዛፍ ላይ በልመና ነበር የማወርዳት።"

ባየልኝ ወደ ሚስቱ ዞረ። ስርጉት ፊቷን ጨፍገግ አድርጋ ቅርጫቱን አየች፤ ጫጩቱን አየች። "በሩን ዝጉልኝ፤ ሰው እንዳያየኝ" አለች። ቀሚሷን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ በእርጥቡ ግንድ ላይ ሳትቸኩል ወጣች። ከታች ባየልኝ ቅርጫቱን አሰረላት፤ እሷ ከነጫጩቱ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ጤነኛ ባላ መርጣ ዙሪያውን ጠፈረችው። ስትወርድ ክርኗ ተፍቆ ነበር። "እስቲ አሁን ይምጡ" አለች፤ ቁጣ ቢመስልም ቁጣ አልነበረም።

አልመጡም። ጠዋትም ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ናቸው። ባየልኝ ቁርሱን ሳይነካ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ስርጉት ክር አልቆብኛል ብላ ሥራ ቀረች፤ ክር እንዳላለቀባት ግን ሁሉም ያውቃል። ረፋድ ላይ አንዱ በርሮ ባላው ላይ አረፈ። ቅርጫቱን ዞረው፣ ጠርዙን በመንቆሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ተመልሶ ሄደ።

"አዬ" አሉ እማ ፈንቴ።

ቀትር ካለፈ በኋላ ያው ወፍ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጉሮሮው አብጧል። ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ጫጩቱ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ሰሙት። እማ ፈንቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ወፉን እንዳያስበረግጉት መልሰው ዋጡት። የባየልኝን ትከሻ ያዝ አደረጉ።

"በላለት! አየህ? በላለት እኮ!"

ከዚያ ወዲያ "አንቱ" የሚለው ቃል እዚያ ግቢ ውስጥ ለባየልኝ አልተነገረም።

ነሐሴ ጥሩ ወር ሆነላቸው። ባሚያው እስኪሰለቻቸው አፈራ፤ እማ ፈንቴ ከፊሉን እየሰነጠቁ አሰጡት፤ ዱባው አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ገባ። ስርጉት ማታ ስትመጣ ከሁሉ በፊት ወደ ዛፉ ቀና ትላለች፤ "ስግብግቡ ደህና ዋለ?" ትላለች። ጀሶው ተፈታ፤ የቀጠነውን እግሩን አይቶ ባየልኝ ራሱ ሳቀ። ወፉም ክንፉን እያራገበ የቅርጫቱን ጠርዝ ሰባበረው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ በርሮ አረፈና ተንሸራትቶ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ሦስቱም ወፎች አልነበሩም። እማ ፈንቴ የዛፉን ሥር ጠረጉ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ከአብደራፊ ተደወለ። ባየልኝ ልብሱን አሰናዳ። እማ ፈንቴ የደረቀ ባሚያ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት፤ እንዴት እንደሚቀቀል ሁለቴ ነገሩት። ስርጉት እስከ በሩ ሸኘችው። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል።

"ለከርሞ ደግሞ እግርህን ማን ይሰብርልናል?" አለችው።

"ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ትራክተር ምን ይሠራል?" አለ ባየልኝ። "ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እዚህ ነኝ።"

ስርጉት እውነቱን መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ትንሽ አየችው። ከዚያ ፌስታሉን አቀበለችው፤ ባጃጁም ጭቃውን እየረጨ ወደ መናኸሪያው ወረደ።