ስምንት አግዳሚ

የእድራችን ጥሩምባ የተነፋው ሊነጋጋ ሲል ነው። «አዴ ዲንቂቱ አርፈዋል! ቀብር ስምንት ሰዓት!» ሲባል ሰምቼ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁ። አዴ ዲንቂቱ አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ናቸውና ባለቤቴ የሺወርቅ ያዘንኩ መስሏት «አይዞህ» አለችኝ። እኔ ግን ያሰብኩት አግዳሚዎቹን ነበር።

የእድሩ አሮጌ አግዳሚዎች ክረምቱ አበስብሷቸው ሲጣሉ፣ ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ «ጣውላውን አምጡልኝ እንጂ ስምንቱንም በነፃ እሠራለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ። ማን ጠየቀኝ? እዚሁ ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር እንጨት ቤት ያለው ሽመክት «ወንዳፍራሽ መጀመሩንስ ይጀምረዋል» አለ። ሰዉ በሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ረጋሳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ስቀው ሲያበቁ፣ «እሺ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ለቅሶ ላይ ይታያል። ካልደረሰ ግን ጣውላውን ከግቢህ አስጭነን ለሽመክት እንሰጣለን» አሉኝ። በሰው ፊት። ማን ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ሽመክትን የማውቀው ዛሬ አይደለም። ሰበታ አንድ አናጢ ዘንድ አብረን ነበር የተቀጠርነው። እሱ ቀረ፤ እኔ በሦስተኛው ወር ተባረርኩ። ጥፋቴ ምን ነበር? የኮመዲኖው መሳቢያ ሳይገባ ወንበር ጀመርክ ተብዬ ነው። ለዚህ ሰው ይባረራል?

ግቢዬን ያየ ሊፈርድብኝ ይችላል። ጅማት ያልተወጠረለት ክራር አለ። በሁለት እግሩ የቀረ በርጩማ አለ። በር የሌለው ቁምሳጥን አለ፤ እሱን የሺወርቅ ዶሮ ታሳድርበታለች። ምን ላድርግ፣ እጄ አያርፍልኝም። አንዱን ስይዝ ሌላው ይታየኛል፤ የያዝኩት ደግሞ ሊያልቅ ሲል ያስጠላኛል። ያላለቀ ዕቃ ማንም «ተንጋዷል» አይለውም።

የአግዳሚዎቹም ነገር እንዲሁ ሆነ። ሠላሳ ሁለት እግር ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። ስምንት መቀመጫ ልጌ መስታወት አስመስያለሁ። የተገጠመ ግን አንድም የለም። በትርፍራፊው የእርግብ ቤት ጀምሬ ነበራ።

መርቴሎዬን አንሥቼ የመጀመሪያውን ምስማር ሁለቴ እንደመታሁት፣ በአጥሩ ማዶ የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ። የሺወርቅ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ወጣች።

«አንተ ሰው አብደሃል? ሬሳው እዚህ ሥር ተኝቶ! ልጆቻቸው ሣጥን እየተመታ ነው አይሉም?»

ለቅሶው መልሶ ተነሣ፤ ከቅድሙ ብሶ። መርቴሎውን መሬት አስቀመጥኩት።

«ታዲያ የት ሄጄ ልምታው?»

«ሽመክት ጋ ውሰደዋ።»

«እሞታለሁ እንጂ አልወስድም!»

«ሙታ! ለቅሶህን ሰዉ ቆሞ ይደርሳል።»

ጋሪ ጠራሁ።

ሽመክት ሱቁን ገና እየከፈተ ነበር። ጭነቱን አይቶ «አመጣህልኝ?» አለ።

«ላስረክብህ አልመጣሁም። ቦታና ድሪል አውሰኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። «ግባ። እኔ ግን አልነካልህም» አለኝ።

ሦስቱን ቀና ሳልል ገጠምኩ። አራተኛው ላይ ያ ነገር መጣብኝ። ጥግ ላይ የተጣለ የአልጋ ራስጌ አየሁ፤ ትንሽ ቢቀረጽ ምን የመሰለ መደርደሪያ ይወጣው ነበር! እጄ ሄደ።

«ወንዳፍራሽ!»

«እያየሁ ነው እንጂ!»

«በዓይንህ እይ! አራተኛው!»

ከዚያ በኋላ ቀና ባልኩ ቁጥር «አምስተኛው!»፣ «ስድስተኛው!» እያለ እንደ አስተማሪ ጮኸብኝ። በልቤ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስምንተኛው ላይ አንድ እግር ብቻ ሲቀር ድሪሉን አስቀመጥኩት። አሁን ይቀመጡበታል፤ አሁን «ተንጋዷል» ይሉታል። ወጣሁ፣ መንገዱን አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ።

ሽመክት ካቻቢቴውን አነሣ። «ልጨርስልህ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ቢሳለቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሞቼ ነው!» ነጥቄው መዳፌ እስኪላጥ ድረስ የመጨረሻውን እግር ብሎን አጠበቅሁት።

አምስት ሰዓት ላይ ከሽመክት ጋር የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደረደርናቸው። ለቀስተኛው ተቀመጠ። ኦቦ ረጋሳ ፊተኛው ላይ ሆነው፣ «ሽመክት፣ ገለቶሚ! ባትደርስልን ጉድ ሆነን ነበር» አሉ።

ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት አይጮህ ነገር!

ሽመክት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አልነካሁትም። የወንዳፍራሽ ሥራ ነው።»

ኦቦ ረጋሳ ብድግ አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሦስት ሰዎችም አብረዋቸው ብድግ አሉ። አራቱም ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን እግር አዩ። ኦቦ ረጋሳ ጫፉን ይዘው ነቀነቁት። አልተነቃነቀም። እንደገና ነቀነቁት። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ መጀመሪያ በግማሽ ጎናቸው፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ሦስቱም ተቀመጡ።

ስምንቱም ሞልተው ነበርና እኔ ቆሜ ቀረሁ። በስተግራ ያለውን የድንኳኑን ባዶ ጥግ ለዘጠነኛ ይበቃ እንደሆነ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ።